አለቃው ዞር ሲል

ሠራተኛን አጠገቡ ቆሞ መቆጣጠር የሳይንስ ማዕረግ ያገኘው በፍሬደሪክ ቴይለር ዘመን ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሰከንድ በሚቆጥር ሰዓት የሠራተኛውን እንቅስቃሴ እየለካ፣ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ከሁሉ የተሻለ አሠራር አለ ሲል በ1911 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) መጽሐፍ አሳተመ። ማሰቡ የአለቃ፣ ጉልበቱ የሠራተኛ ሆነ። በዚያው ዓመት በማሳቹሴትስ የዋተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ሰዓት የያዘ ሰው አይቁምብን ብለው ሥራ አቆሙ፤ ነገሩም እስከ ኮንግረስ ደረሰ። የቴይለር መንገድ ምርት አልጨመረም ማለት ግን ሐሰት ነው። የሚያጠያይቀው አለቃው ዞር ሲል የሚሆነው ነው።

ይህን የፈተሹት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኩርት ሌዊንና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ውጤቱ በ1939 ወጣ። አዮዋ ውስጥ ጭምብልና የመሳሰለውን የሚሠሩ ታዳጊ ወንዶችን በቡድን ከፋፍለው፣ አንዱን በትእዛዝ፣ ሌላውን በምክክር፣ ሦስተኛውን እንዳሻው በመተው መሩት። ትእዛዝ የሚሰጠው መሪ እያለ ልጆቹ በደንብ ሠሩ፤ ከክፍሉ ሲወጣ ግን ሥራው ተበተነ። እየተመካከሩ የሚሠሩት መሪያቸው ቢወጣም ቀጠሉ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሦስተኛውን ነው፦ እንዳሻው የተተወው ቡድን ያን ያህል አልሠራም። ቁጥጥርን መተውና መሪነትን መተው ለየቅል ናቸው።

እኛም አገር ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ ቡና ሊጠጣ የሚወጣ ሠራተኛ የቆየ ቀልድ ነው። የአሻራ ማሽን ሲመጣ መግቢያና መውጫ ሰዓቱ ተስተካከለ፤ በመካከል ያለው ሰዓት ግን የማሽኑ ጉዳይ አይደለም። ዛሬ የኮምፒውተር ማውስ መንቀሳቀሱን የሚከታተል ሶፍትዌር አለ። ማውሱን በራሱ የሚያንቀሳቅስ መሣሪያም በገበያ ይሸጣል።

ከሁሉ የሚያስተምረኝ ግን ፍሪሞንት፣ ካሊፎርኒያ ያለው የመኪና ፋብሪካ ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1982 ሲዘጋው ከሥራ በመቅረትና በጭቅጭቅ የታወቀ ነበር። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ሲከፈት፣ አብዛኞቹ ሠራተኞች የቀድሞዎቹ ነበሩ፤ ማኅበራቸውም ያው። የተለወጠው አሠራሩ ነው። በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ገመድ ተዘረጋ፤ ብሎን አልገባ ያለው ሠራተኛ ይስበዋል፣ መብራት ይበራል፣ የቡድን መሪው ይመጣል፤ መላ ካልተገኘ መስመሩ ይቆማል። ቀድሞ መስመር ማቆም ነውር ስለነበር ጉድለት ያለበት መኪና እስከ መጨረሻ ይጓዝ ነበር። ጥቂት ሳይቆይ የመኪኖቹ ጥራት ከጃፓን ፋብሪካዎች ጋር የሚወዳደር ሆነ። የገመዱ ምስጢር፣ በእኔ እይታ፣ ስቦ የጠራውን ሰው «ምን ቸገረህ?» ብሎ የሚመጣ መሪ መኖሩ ነው።

ይህ የጃፓን አስተሳሰብ በካይዘን ስም ወደ እኛም መጥቷል፤ ከ2009 ጀምሮ በጃፓን ድጋፍ በተመረጡ ፋብሪካዎች ተሞከረ፣ በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። መሣሪያ በየቦታው ማስቀመጥና ሰሌዳ መስቀል ቀላሉ ክፍል ነው። «ጌታዬ፣ ይሄ ነገር አይሠራም» የሚል ሠራተኛ በግምገማ ላይ ቂም እንዳይያዝበት ማድረግ ይከብዳል። ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ የሆስፒታል ቡድኖችን ስታጠና ያጋጠማት እንቆቅልሽም ከዚህ አይርቅም፦ የተሻሉት ቡድኖች ብዙ የመድኃኒት ስህተት የሚመዘገብባቸው ሆነው ተገኙ። ስህተታቸውን በግልጽ ስለሚናገሩ ነበር።

አለቃ በግልጽ ማዘዝ ያለበት ሥራ የለም ወይ? አለ፤ አውሮፕላን ማብረር አንዱ ነው። በ1977 በቴኔሪፌ ደሴት ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰው ሲሞት፣ የአንደኛው የበረራ መሐንዲስ መንደርደሪያው ነጻ መሆኑን ተጠራጥሮ ጠይቆ ነበር፤ ካፒቴኑ ነጻ ነው ብሎ ቀጠለ። በ1979 ናሳ ባለሙያዎችን ሰብስቦ በጉዳዩ ከመከረ በኋላ፣ አየር መንገዶች ረዳት አብራሪው እንዲናገር፣ ካፒቴኑ እንዲጠይቅ ማሠልጠን ጀመሩ። የካፒቴኑ ሥልጣን አልተነካም። በ1989 የዩናይትድ አየር መንገድ አውሮፕላን መሪው ከእጅ ሲወጣ፣ ካፒቴን አል ሄይንስ ተሳፋሪ ሆኖ የመጣን አሠልጣኝ አብራሪ ጠርቶ የሞተሮቹን ጉልበት እንዲቆጣጠር አደረገው። ከ296 ሰዎች 184ቱ ተረፉ፤ ሄይንስ በኋላ ያመሰገነው ያን ሥልጠና ነው።