‘ዕረፍት’ የሚሉት የሥራ ዓመት

ቦሌ ወይም ናይሮቢ ላይ ከአውሮፕላን የወረደ የሚሲዮናዊ ቤተሰብ ሻንጣ ቢከፈት፣ ከቤቱ ልጆች ለማንኛቸውም ልኩ ያልሆነ ጫማ ሊገኝበት ይችላል። ተሳስተው አይደለም። የስድስት ዓመቱ ልጅ ሰባት፣ ስምንትና ዘጠኝ ሲሞላው የሚያደርገው ጫማ ከወዲሁ ተገምቶ ተገዝቷል። ቤተሰቡ አገሩን ደግሞ የሚያየው ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ስለሆነ እናትየው የልጇን እግር ዕድገት ቀድማ ታሰላለች። ከጫማው ጎን የጥርስ ሐኪም ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት መጻሕፍትና አያት የሰጧት አሻንጉሊት ይኖራሉ።

ቤተሰቡ የሚመለሰው ‘ፈርሎ’ ከሚባለው ጊዜ ነው። በመርከብ ዘመን የተለመደው አሠራር አራትና አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በተላኩበት አገር ሠርቶ አንድ ዓመት አገር ቤት መቆየት ነበር። አውሮፕላን መንገዱን ካሳጠረው ወዲህ ብዙዎች በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ለጥቂት ወራት ብቻ ይሄዳሉ። ከውጭ ላየው ረጅም የዓመት ፈቃድ ይመስላል። የቤተሰቡን ውሎ ያየ ግን እንዲህ አይልም።

ነገሩ የሚጀምረው ከገንዘብ ነው። እንደ አሜሪካ ደቡባዊ ባፕቲስቶች ያሉ ትልልቅ የቤተ ክርስቲያን ኅብረቶች ለሚሲዮናውያኖቻቸው ከማዕከል ደመወዝ ይከፍላሉ። ሌሎች ብዙ ድርጅቶች ግን አይከፍሉም። ቤተሰቡ ራሱ በየአጥቢያውና በየግለሰቡ እየዞረ ወርሃዊ ድጋፍ ቃል ያስገባል፤ ከዚያው ገንዘብ የቤት ኪራይ፣ የሕክምና መድን፣ የልጆች ትምህርት ቤትና የጡረታ መዋጮ ይሸፈናል። በአራት ዓመት ውስጥ ደግሞ ደጋፊ ይሞታል፣ ከሥራ ይወጣል፣ ቤተ ክርስቲያን ይቀይራል፤ የሚያውቃቸው መጋቢ ሄዶ የማያውቃቸው ይተካል። ስለዚህ የአገር ቤቱ ጊዜ ትልቁ ሥራ የጎደለውን መሙላት ነው። የተወሰነው መጠን ሳይሟላ ድርጅቱ ትኬት አያስቆርጥም፤ ቀኑ የተገፋበት ቤተሰብ ብዙ ነው። እሑድ ጠዋት በአንዱ ከተማ፣ ማታ በሌላው፣ ረቡዕ በሦስተኛው ይሰብካሉ። ድሮ በስላይድ ዛሬ በቪዲዮ የሚሠሩበትን መንደር ያሳያሉ፤ ፎቷቸው ያለበትን የጸሎት ካርድ ያድላሉ፤ ካርዱ ማቀዝቀዣ ላይ ተለጥፎ ይከርማል። አንዳንድ አጥቢያዎች ለዚሁ ብለው ዕቃው የተሟላ ቤትና መኪና ያዘጋጃሉ። ያም ሆኖ ልጆቹ ብዙውን ሌሊት በሰው ቤት፣ በማያውቁት ሶፋ ላይ ያሳልፋሉ። በዚህ ዓይነት ዓመት ማን ሊያርፍ እንደሚችል እንጃ።

ዘመናዊው የሚሲዮን እንቅስቃሴ ሲጀመር እንዲህ ያለ ሥርዓት አልነበረም። ዊልያም ኬሪ እ.ኤ.አ. በ1793 ሕንድ ገብቶ በ1834 እስኪሞት ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ እንግሊዝን ዳግም አላያትም። አሜሪካዊው አዶኒራም ጀድሰን በ1812 ከአገሩ ወጥቶ ከበርማ የተመለሰው በ1845 ነበር። ለዚያውም የሚስቱ የሣራ ሕመም ስላስገደደው ነው፤ እርሷም መንገድ ላይ በቅድስት ሄለና ደሴት ሞተች። አሜሪካ ሲደርስ ድምፁ ከመድከሙ የተነሣ ጉባኤው እንዲሰማው ሌላ ሰው ከጎኑ ቆሞ ቃሉን ይደግምለት ነበር። በ1846 ኤሚሊ ቸበክን አግብቶ ወደ በርማ ሲመለስ ከሣራ የወለዳቸውን ሦስት ትልልቅ ልጆች ለዘመድና ለወዳጅ አደራ ሰጥቶ ሄደ። በ1850 ባሕር ላይ አረፈ፤ ልጆቹንም ዳግመኛ አላያቸውም።

የእንግሊዛዊው የሐድሰን ቴይለር ታሪክ የአገር ቤት ጊዜ ምን ሊወልድ እንደሚችል ያሳያል። በ1860 ታሞ ከቻይና ተመለሰ። ስድስት ዓመት ያህል ሲቆይ የሕክምና ትምህርቱን ጨረሰ፤ ወደ ኒንግቦ ቋንቋ የተተረጎመውን አዲስ ኪዳን አረመ፤ በ1865 ደግሞ የቻይና የውስጥ አገር ሚሲዮንን መሠረተ። የዚህ ድርጅት ደንብ ሚሲዮናውያኑ ገንዘብ እንዳይለምኑ ይከለክል ነበር። በግንቦት 1866 ከሚስቱ ከማሪያ፣ ከአራት ልጆቻቸውና ከአዳዲስ ባልደረቦቹ ጋር ላመርሙር በተባለች መርከብ ተሳፈረ። ትልቋ ልጁ ግሬስ በቀጣዩ ዓመት ቻይና ውስጥ በስምንት ዓመቷ ሞተች። ይህን ጉዞ የሚተርኩ ሰዎች ስለ መርከቧ ብዙ ይላሉ፤ ስለ ልጅቷ የሚሉት ጥቂት ነው።

ዕረፍት በመርሐ ግብር ይሰጥ ብለው ከተሟገቱት መካከል ሎቲ ሙን ትገኝበታለች። ይህች አሜሪካዊት ባፕቲስት በ1873 ቻይና ገባች። ባልደረቦቿ በሥራ ብዛት ሲታመሙና ሲሞቱ ስታይ፣ ላኪዎቹ ዕረፍትን በደንብ እንዲወስኑ በየደብዳቤዋ ወተወተች። እርሷ ራሷም ተተኪ ሳይመጣላት ጣቢያውን ጥላ አልሄድም አለች። በ1888 የደቡባዊ ባፕቲስት ሴቶች ለገና መዋጮ አሰባስበው 3,315 ዶላር አገኙ፤ ሦስት አዳዲስ ሴቶችን ለመላክ በቃ። ያ መዋጮ ዛሬም በየገናው በስሟ ይሰበሰባል። እርሷ ግን በ1912 ታማ ወደ አገሯ ስትመለስ በገና ዋዜማ ጃፓን ኮቤ ወደብ ላይ መርከብ ውስጥ ዐረፈች።

የአማርኛ አንባቢም ለዚህ ሥርዓት ባለዕዳ ነው። ጀርመናዊው ካርል ዊልሄልም ኢዘንበርግ በእንግሊዙ የቸርች ሚሽነሪ ሶሳይቲ ተልኮ ወደ ዓድዋ መጣ፤ በ1838 ከትግራይ ተባረረ። ከባልደረባው ከዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ጋር ሸዋ ጥቂት ቆይቶ ወደ አውሮፓ ተመለሰ። የአማርኛ መዝገበ ቃላቱ በ1841፣ የሰዋስው መጽሐፉ በ1842 ለንደን ውስጥ ታተሙ። እንደገና ወደ ትግራይ ቢመለስ በ1843 ዳግም አስወጡት። ትግራይ ያጠፋው ጊዜ አንድም ጉባኤ አላቆመለትም፤ በአገር ቤት ቆይታው ያሳተማቸው ሁለት መጻሕፍት ግን ከእርሱ በኋላ የመጡ አጥኚዎችን ሁሉ ጠቅመዋል።

ከዚህ ሁሉ ዋጋ ከባዱን የሚከፍሉት ልጆች ይመስሉኛል። ለወላጆች አሜሪካ ወይም ካናዳ አገር ቤት ነው፤ ለልጁ የዘመድ አገር ነው። ውሻው፣ ጓደኞቹ፣ በልጅነቱ የለመደው ሁለተኛ ቋንቋ ባሕር ማዶ ነው ያሉት። የአያቱን አገር ሕፃናት ጨዋታ አያውቅም፤ ገና ሲለምደው ደግሞ ይነሣል። አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ አጥኚ ሩት ሂል ዩሲም በ1950ዎቹ ሕንድ ውስጥ ከሚኖሩ አሜሪካውያን ቤተሰቦች ተነሥታ እነዚህን ልጆች ‘የሦስተኛ ባህል ልጆች’ አለቻቸው፤ ከወላጆቻቸውም ከጎረቤቶቻቸውም ባህል ውጭ የራሳቸው የሆነ ኑሮ አላቸውና። በ1946 አዲስ አበባ የተከፈተው ቢንግሃም አካዳሚና በ1906 ኬንያ ውስጥ የተመሠረተው የሪፍት ቫሊ አካዳሚ የተቋቋሙት ለእነርሱ ነበር። ብዙዎቹ በአዳሪነት ተምረዋል፤ ስለዚህ ‘ተመለስን’ ሲባል ሌላ መለያየት ይጠብቃቸዋል። ዛሬ ብዙ ድርጅቶች ልጆች የሚሰናበቱትን ሰው፣ ቤትና እንስሳ ሳይቀር በስም እየጠሩ እንዲሰናበቱ ያደርጋሉ። ዘግይቶ የመጣ ጥበብ ነው፤ ቢሆንም መልካም ነው።

የተመለሰው ቤተሰብ ትቶት የሄደውን ሥራ እንዳለ አያገኘውም። አንዳንዴ ተዳክሞ ይጠብቀዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ከእርሱ አልፎ። የኋለኛው በእኛው አገር ጎልቶ ታይቷል። ጣሊያን በ1937 ኤስ.አይ.ኤም. የተባለውን ድርጅት ሚሲዮናውያን ከወላይታ ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች 50 አይሞሉም ነበር። ወረራው አልፎ ሚሲዮናውያን ሲመለሱ ቁጥሩ 10,000 ያህል መድረሱ ይገመታል። ያ ፈርሎ አልነበረም፣ ስደት ነበር። ስብከቱን፣ ጥምቀቱንና የአጥቢያውን አመራር የያዙት፣ ከእነርሱም እስር ቤት የተገረፉት፣ የወላይታ ሰዎች ናቸው። የተመለሱትም እንግዶች ከእንግዲህ መሪ ሳይሆኑ አጋዥ መሆንን መማር ነበረባቸው፤ ለሁሉም ቀላል እንዳልሆነ መገመት አያዳግትም።

ዛሬ የኢትዮጵያ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው ወደ ውጭ ይልካሉ፤ ጉዳዩም ከሌላው ወገን ወደ እነርሱ ዞሯል። ከሆሳዕና ወይም ከነቀምቴ ተነሥቶ እስያ የሚገባ ቤተሰብ ወርሃዊ ድጋፉ የሚሰበሰበው በብር፣ የሚወጣው በውጭ ምንዛሪ ነው። በአራተኛው ዓመት ሲመለስ የት ያርፋል? ልጆቹ በየትኛው ቋንቋ ይማራሉ? የሸመገለች እናቱን በዚያ ሁሉ ጊዜ ማን ጦራት? ለላኪው ኮሚቴ እነዚህ ከስንብት ጸሎቱ በፊት መልስ የሚሹ ጥያቄዎች ናቸው።