ካዱ፦ የራሱን ጉድ የጻፈ መሥሪያ ቤት

አሰላ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚያይ ሰው ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጭላሎ ተራራ ይታየዋል። ወደ ምዕራብ ከዞረ መሬቱ ወደ ዝዋይ ሐይቅ እያዘቀዘቀ ይወርዳል። በመካከል ያለው ስንዴና ገብስ ነው። አርሲን የስንዴ አገር ስንል ነገሩ የአፈሩና የዝናቡ ጸጋ ብቻ ይመስለናል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን የተጀመረው በወረቀት ላይ ነው፤ በ1967 እ.ኤ.አ. አሰላ ላይ በተቋቋመና ዕድሜ የጠገቡ አርሲዎች “ካዱ” በሚሉት መሥሪያ ቤት ወረቀት።

ካዱ ማለት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ማለት ነው፤ አጭሩ ስም የመጣው ከእንግሊዝኛው ነው። የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው አቋቋሙት፤ ገንዘቡና ባለሙያው በአብዛኛው ከስዊድን፣ መሬቱና ገበሬው ከጭላሎ አውራጃ ነበር። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ያከፋፍላል፤ የወተት ላሞችን ከፈረንጅ ዝርያ ጋር ያዳቅላል፤ መንገድ ያወጣል፤ የእህል መግዣ ማዕከል ይከፍታል። በአሰላ አጠገብ ያለው የቁሉምሳ የምርምር ጣቢያም ከዚያ ዘመን የቀረ ነው።

ይህን መሥሪያ ቤት ለማስተዋወቅ የተነሣሁት ግን ስለ ማዳበሪያ ለማውራት አይደለም። መንግሥት ፖሊሲ እንዴት እንደሚያወጣ፣ የወጣውስ በምን እንደሚመዘን ለማወቅ ለሚሻ ሰው በአገራችን ከካዱ የተሻለ መማሪያ ስለማላውቅ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። እኛ ዘንድ “ግምገማ” ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው በር የተዘጋበት አዳራሽ፣ ሂስና ግለ ሂስ፣ ማን ከወንበሩ ይነሣ የሚለው ነገር ነው። እዚህ የማወራው ስለዚያ አይደለም። የሚገመገመው ሰው ሳይሆን ሥራው ነው። ምን ይሆናል ብለን ነበር? ምን ሆነ? ለማን ሆነ? ካዱ ገና ሲቋቋም ይህን የሚጠይቅ የራሱ ክፍል ነበረው። ጥናቶቹን በተከታታይ ቁጥር እያተመ ያወጣ ነበር። ከዓላማዎቹ አንዱም የልማት ዘዴዎችን እዚያው ጭላሎ ላይ ፈትኖ የሚሠራውንና የማይሠራውን መለየት ነበር። በሌላ አነጋገር መንግሥት አንድ ሙሉ አውራጃን መሞከሪያ አደረገ።

አንዳንዱ ሙከራ ወዲያው ወደቀ። ገበሬው በበሬ የሚጎትተውን ማረሻ በተሻሻለ ማረሻ ለመተካት ብዙ ተለፋ፤ ገበሬው ግን አልተቀበለውም። ይህ ትንሽ ነገር ነው። ከባዱ ነገር የመጣው ከወደቀው ሙከራ ሳይሆን ከተሳካው ነው።

የዱቤው ማዳበሪያና ዘር ሠራ። ከ200 ባነሱ ገበሬዎች የተጀመረው ብድር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ደረሰ፤ የስንዴው ምርት አደገ። አሁን የጭላሎን የዚያን ጊዜ ገበሬ እንይ። ብዙው ጭሰኛ ነው። የሚያርሰው የሌላ ሰው መሬት ነው፤ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰፍራል። ብድር ለመውሰድ የኪራይ ውል ማሳየት፣ ዋስ መጥራት፣ ቅድሚያ መክፈል ይጠበቅበታል። ውሉን የሚፈርምለት ባለመሬቱ ነው። ባለመሬቱ ካልፈረመ ማዳበሪያ የለም። ቢፈርምለትና ምርቱ ቢጨምር ደግሞ ሲሶውም አብሮ ይጨምራል፤ ኪራዩም ይወደዳል።

ይህ እንኳ ይቻል ነበር። ባለመሬቱ ግን ማሰብ ጀመረ። ይህ ስንዴ በማዳበሪያ እንዲህ የሚሰጥ ከሆነ ሲሶ ለምን እቀበላለሁ? ለምን ሁሉንም ራሴ አላርሰውም? ትራክተሩም አልራቀም። የዚያ ዘመን መንግሥት ዘመናዊ እርሻን ለማበረታታት የእርሻ መሣሪያ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ፈቅዶ ነበር። ሦስተኛው የአምስት ዓመት ዕቅድም ዓይኑን የጣለው በአመዛኙ በሰፋፊ የንግድ እርሻዎች ላይ ነበር። በሜዳማው የጭላሎ ክፍል ትራክተር ሲገባ ጭሰኛው ወጣ። ዕቃውን ጭኖ፣ ከብቱን ነድቶ ወጣ።

ፖሊሲን መረዳት ለሚፈልግ ሰው ዋናው ትምህርት እዚህ ጋ ይመስለኛል። “መንግሥት ፖሊሲ አወጣ” ስንል አንድ አሳቢ፣ አንድ እጅ ያለ ይመስለናል። በጭላሎ ግን ቢያንስ ሦስት እጆች ነበሩ። አንዱ ለትንሹ ገበሬ ማዳበሪያ ያበድራል። ሁለተኛው ለትልቁ ባለመሬት ትራክተሩን ከቀረጥ ነፃ ያደርጋል። ሦስተኛው ጭሰኛውን ከመነቀል የሚጠብቀውን ሕግ ይዞ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። ጭሰኛው ላይ የደረሰው ግን የሦስቱ ድምር ነው። አንዱን ሰነድ ብቻ አንብቦ ፖሊሲውን አወቅሁ የሚል ሰው የቀረጥ ደብዳቤውን አላየም።

ካዱን የማደንቅለት ነገር ይህን አለመደበቁ ነው። ሄኖክ ክፍሌ በካዱ የብድር ሥራ ላይ ባካሄዱት ጥናት ብድሩ የገቢን ክፍፍል ምን እንዳደረገው መረመሩ፤ በድርጅቱ ስምም ታተመ። ስዊድናዊው አርነ ሌክሳንደርም ስለ አካባቢው የመሬት ይዞታና ስለ ጭሰኛው ኑሮ ያጠኑትን ካዱ አሳትሟል። አንድ መሥሪያ ቤት በራሱ ማተሚያ “የምረዳው ገበሬ በእኔ ሥራ ምክንያት ሊነቀል ነው” ወደሚል ነገር ሲደርስ ብዙ ጊዜ አይታይም። ጽፎም አልቀረ፤ በኋላ ብድሩን ለትልልቆቹ ባለመሬቶች ከለከለ። ትልቁ ባለመሬት ግን በዚያን ጊዜ የካዱ ብድር አያስፈልገውም ነበር፤ መንገዱን አይቶታል፣ ባንክም ያበድረዋል።

የቀረው ሕጉ ነበር። የባለመሬትና የጭሰኛ ግንኙነትን የሚያስተካክል ረቂቅ በ1966 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተዘጋጅቷል፤ ስዊድንም ለእርዳታዋ ከጠየቀቻቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። ረቂቁ ፓርላማ ገባ። የዚያን ጊዜ ፓርላማ ሁለት ምክር ቤት ነው፤ የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፣ የሕግ መምሪያው እንደራሴ ደግሞ በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት በሚመረጥበት ወረዳ ንብረት ያለው መሆን አለበት። ስለ ጭሰኛ የሚወስነው ሸንጎ የባለመሬት ሸንጎ ነበር ማለት ነው። ረቂቁ እየተነሣ እየተጣለ ቆየ፤ ፓርላማው በመስከረም 1967 ዓ.ም. ሲዘጋ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ማስረጃው ያለው አሰላ፣ ድምፁ ያለው አዲስ አበባ ነበር። ግምገማ እውነቱን ያሳያል እንጂ እጅ አያስነሣም።

እዚህ ላይ ሁለቱ 1967ዎች ይገጥሙናል። ካዱ የተቋቋመው በፈረንጆቹ 1967 ነው። መሬት የሕዝብ የሆነው በእኛው 1967፣ የካቲት 25 ቀን፣ በአዋጅ ቁጥር 31 ነው። በመካከላቸው ስምንት ዓመት ገደማ አለ። ፓርላማው ዓመታት ሲያንከባልለው የኖረውን ጭሰኝነት አዋጁ በአንድ ቀን አጠፋው፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝም ወሰነ። የጭላሎ ትራክተር ባለቤቶች ታሪክ እዚያ ላይ ቆመ።

ሌላም የካዱ ውርስ አለ። ካዱ በጣም ውድ ነበር። በአንድ አውራጃ ላይ የፈሰሰውን ባለሙያና ገንዘብ በየአውራጃው ልድገመው ቢባል አገሪቱ አትችለውም። ስለዚህ በ1971 እ.ኤ.አ. እርሻ ሚኒስቴር ከካዱ ልምድ ጥቂቱን፣ ዘሩን፣ ማዳበሪያውንና ብድሩን መርጦ፣ መኪና በሚደርስባቸው መንገዶች ዳር የሚዘረጋ ቀለል ያለ ፕሮግራም ጀመረ። ዛሬ የልማት ሠራተኛ፣ “ፓኬጅ”፣ የማዳበሪያ ዱቤ የሚባሉት ነገሮች ከየት መጡ ለሚል ሰው አንዱ ምንጫቸው እዚህ ነው። ካዱ ራሱ በ1976 እ.ኤ.አ. ወደ መላው አርሲ ሰፍቶ ስሙን ለወጠ፤ አውራጃው ቀርቶ ክፍለ ሀገሩ ሁሉ ሥራው ሆነ።

ከዚያ በኋላ አርሲ ሌላ ፖሊሲ አየ። በ1978 ዓ.ም. የመንደር ምሥረታ ሲካሄድ ተራርቆ የሚኖረው የአርሲ ገበሬ በወራት ውስጥ በረድፍ ወደተሠሩ መንደሮች ገባ። ምክንያቱ ትምህርት ቤት፣ ውኃና ክሊኒክ ለማቅረብ ነው ተባለ። ሰው ከማሳው ስንት ሰዓት ይርቃል? ከብቱ የት ያድራል? ጓሮው፣ እንሰቱ ምን ይሆናል? ቀድሞ ቆሞ የጠየቀ አልነበረም። ስዊድን የላከቻቸው አጥኚዎች፣ ጆን ኮኸንና ኒልስ ኢቫር ኢሳክሶን፣ አርሲ የደረሱት በታኅሣሥ 1986 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ የድሮው ጎጆ ፈርሶ አዲሱ ቆሟል። ካዱ ከጥናት ተነሥቶ ወደ ሥራ ሄደ፤ መንደር ምሥረታው ከሥራ ተነሥቶ ወደ ጥናት መጣ። እኔ ሁለቱን ሳስተያይ፣ ካዱ ጭሰኛውን ማዳን ባይችልም የደረሰበትን ነገር ስሙን ጠርቶ ጽፎለታል። በመንደሩ ገበሬ ላይ የደረሰውን ግን ቀድሞ የመዘገበለት የለም።

በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ በአገሪቱ ብዙ ቦታ ገበሬው የማንንም ዘገባ ሳይጠብቅ ጎጆውን እየነቀለ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ።