ከጉና እስከ ጣና፦ የዋቅላሚ መብዛትና የውሃው ኬሚስትሪ

ዋቅላሚ፣ በትምህርት ቤት መጻሕፍት አልጌ የሚባለው፣ ሥር፣ ግንድና ቅጠል ሳያበጅ በብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅ የውሃ ውስጥ ሕይወት ሲሆን፣ ከባለ አንድ ሕዋስ ረቂቅ ፍጡር እስከ ረጃጅም የባሕር አረም ድረስ ብዙ ዓይነት አለው። ዓሣውም ሆነ የዓሣው ምግብ የሆኑት ጥቃቅን እንስሳት የሚኖሩት በእርሱ ስለሆነ መኖሩ ጥፋት አይደለም፤ ችግር የሚሆነው ውሃው ከሚሸከመው በላይ ሲበዛ፣ ሞቶ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ሲጨርስ፣ አንዳንዱ ዓይነትም መርዝ ሲለቅ ነው። በደቡብ ጎንደር ይህ ጉዳይ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ጀምሮ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ እስከተንጣለለው ጣና ሐይቅ ድረስ የሚዘልቅ የአንድ ተፋሰስ ጉዳይ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና አካባቢ ተነሥተው፣ የደብረ ታቦርን ዙሪያ ማሳ ያጠበውን ጎርፍ ተቀብለው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉና፣ በሐይቁ ዳር የሚታየው አረንጓዴ ቀለም መመርመር ያለበት ከደጋው ጀምሮ ነው።

የዋቅላሚን መብዛት የሚወስነው ከፍላጎቱ አንጻር እጅግ ያነሰው ንጥረ ነገር ነው። አሜሪካዊው የባሕር ሳይንቲስት አልፍሬድ ሬድፊልድ እ.ኤ.አ. በ1934 እንዳመለከተውና በኋላም በስሙ እንደጸናው ስሌት፣ የባሕር ዋቅላሚ ለአንድ የፎስፎረስ አተም 16 ያህል የናይትሮጅንና 106 ያህል የካርቦን አተሞችን ይይዛል፤ በክብደት ሲመነዘር አንድ ግራም ፎስፎረስ ወደ መቶ ግራም የሚጠጋ ደረቅ ዋቅላሚ ያበቅላል ማለት ነው። ካርቦን ከአየር ይገኛል፤ ናይትሮጅንንም ሳይኖባክቴሪያ ከሚባሉት፣ በተለምዶ ሰማያዊ አረንጓዴ ዋቅላሚ ከሚሰኙት ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ ራሳቸው ከአየር ይስቡታል፤ ፎስፎረስ ግን ከአፈር፣ ከማዳበሪያና ከእዳሪ እንጂ ከአየር አይሳብም። ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 በካናዳ አንድን ትንሽ ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ክፍል ካርቦንና ናይትሮጅን ብቻ፣ ለሌላው ከእነዚሁ ጋር ፎስፎረስ ሲጨምሩ፣ በዋቅላሚ የተሸፈነው ፎስፎረስ የተጨመረበት ወገን ብቻ ነበር።

ይህ ስሌት ጎልቶ የሚታየው በትንሽ ዕቃ ውስጥ ነው። የቀይ ባሕርን የመሰለ የኮራል ሕይወት በመስታወት ገንዳ የሚያኖሩ ሰዎች በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው፣ ከ400 ሚሊግራም የማያንስ ካልሲየምና የተረጋጋ የአሲድ መቋቋም አቅም ያለው ውሃ ይፈልጋሉ፤ ገንዳው ባነሰ ቁጥር ግን ለዓሣ የተጣለች ትርፍ ምግብ ኬሚስትሪውን በአንድ ቀን ታናጋዋለች፣ ፎስፌቱ (ፎስፎረስ በውሃ ውስጥ የሚገኝበት መልክ) ጥቂት ከፍ ሲልም ድንጋዩና መስታወቱ አረንጓዴ ይለብሳል። ስለዚህ በየጊዜው የውሃውን ከፊል ይቀይራሉ፣ ምግብ ይቀንሳሉ፣ ፎስፌቱንም የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶች በተሞሉበት ማጣሪያ ያስይዙታል። የደቡብ ጎንደር ቀይ አፈርም ቀለሙን ያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነውና፣ ተመሳሳዩን ሥራ ማንም ሳያዘው ሲሠራ ኖሯል። ልዩነቱ የገንዳው ባለቤት ማጣሪያው ሲሞላ አውጥቶ መጣሉ ሲሆን፣ ከማሳ የታጠበው አፈር ግን የያዘውን ፎስፌት እንደያዘ የሐይቁ ወለል ላይ ይቀመጣል፤ ወለሉ ኦክስጅን ሲያጣ ደግሞ የብረቱ ማሰሪያ ይላላና ፎስፌቱ ተመልሶ ወደ ውሃው ይለቀቃል።

ጣና ራሱ ለዚህ ሂደት የተመቸ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር፣ ከፍተኛው 14 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ነፋስ በተነሣ ቁጥር የወለሉ ደለል ይታወካል። ውሃው ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ባይካርቦኔት የሚያመዝኑበት ሲሆን የጨው መጠኑ በሊትር ሩብ ግራም አይሞላም። ዉድና ታሊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ሰፊ ሥራ የኢትዮጵያን ውሃዎች በጨዋማነታቸው ደረጃ አሰልፈው በውስጣቸው ከሚበቅለው ዋቅላሚ ጋር አነጻጽረዋል፤ በዚያ ሰልፍ አንደኛው ጫፍ ላይ እንደ ጣና ያሉ ጣፋጭ ውሃዎች ሲገኙ፣ በሌላኛው ጫፍ እንደ ቢሾፍቱው አረንጓዴ ሐይቅና እንደ ጪቱ ያሉ፣ ፒኤቻቸው ወደ 10 የሚጠጋ የሶዳ ሐይቆች ይገኛሉ። አረንጓዴና ጪቱ ስፒሩሊና በሚባለው ሳይኖባክቴሪያ መለምለማቸው የተፈጥሮ ጠባያቸው ስለሆነ እንደ ብክለት አይቆጠርም፤ ጣና ግን በዚያ መልክ ቢለመልም ጤናው ታውኳል ማለት ነው።

አያሌው ወንዴና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት በጣና የዋቅላሚ ምርት ከፍ የሚለው ክረምቱ አልፎ በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ እንደሆነና ይህም ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ሳይኖባክቴሪያ ከሚበዛበት ጊዜ ጋር እንደሚገጥም አሳይቷል። ምክንያቱ ለዚህ ዳሰሳ ዋና ቁም ነገር ነው። በሐምሌና በነሐሴ ወንዞቹ ፎስፎረሱን ይዘው ሲገቡ ከእርሱ ጋር የሚመጣው ደለል ውሃውን ያጨልመዋልና ዋቅላሚው ምግብ ሞልቶለት ብርሃን ያጣል፤ ዝናቡ ሲያባራና ደለሉ ሲዘቅጥ ደግሞ የተረፈው ምግብና የጠራው ብርሃን ይገናኛሉ። ደለል እንግዲህ የፎስፎረሱ ጫኝም፣ የዋቅላሚው ጥላም ነው። ውሃውን በማጥራት ብቻ የሚረካ ዕቅድ፣ በውስጡ የሟሟውን ፎስፎረስ ሳይቀንስ ጥላውን ቢያነሳ፣ ከቡናማ ሐይቅ ወደ አረንጓዴ ሐይቅ ሊያሻግር ይችላል፤ ስለ ጣና በሚደረገው ውይይት ይህ ነጥብ የሚገባውን ያህል አይነሣም።

ማይክሮሲስቲስ በሕዋሱ ውስጥ ባሉት የአየር ከረጢቶች ወደ ላይ እየተንሳፈፈ ብርሃን የሚሻማ ሲሆን፣ ማይክሮሲስቲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። የፖላንድና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት ይህን መርዝ የሚያመነጩ ዓይነቶች በጣና መኖራቸውን አረጋግጠዋል፤ ከቆቃ ግድብ ሐይቅም ተመሳሳይ ዘገባ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የዘለቄታ ወሰን በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው። መርዙ በማፍላት አይጠፋም፤ ክሎሪን ቀድሞ ሲጨመር ደግሞ ሕዋሱን ሰብሮ መርዙን ወደ ውሃው ሊያፈስሰው ስለሚችል፣ የማጣሪያ ጣቢያዎች በቅድሚያ ሕዋሱን ሳይሰብሩ ማስወገድ ይጠበቅባቸዋል። ቤተ ሙከራ በሌለበት የሚሠራ አንድ ቀላል ፍተሻ አለ፤ ይኸውም አረንጓዴውን ውሃ በንጹሕ ብርጭቆ ማሰሮ ሦስት አራተኛ ያህል ሞልቶ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ ሳያናውጡ በጨለማ ቦታ ማሳደር ነው። በማግስቱ አረንጓዴው ከላይ እንደ ቅባት ተንሳፍፎ ከተገኘ ሳይኖባክቴሪያ የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ሲሆን፣ ከታች ዘቅጦ ከተገኘ ሌላ ዓይነት ዋቅላሚ ይሆናል። ውጤቱ ግን መርዝ መኖር አለመኖሩን አይናገርም።

ፎስፎረሱ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት አንድ ስሌት ይበቃል። በአገሪቱ ዳፕ የተባለውን ማዳበሪያ ለዓመታት ተክቶ የቆየው ኤንፒኤስ 38 በመቶ ያህል የፎስፎረስ ኦክሳይድ ስለሚይዝ በአንድ ኩንታል ውስጥ 16 ኪሎ ግራም ተኩል ያህል ንጹሕ ፎስፎረስ አለ። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) እ.ኤ.አ. የ1982 መመዘኛ አንድን ሐይቅ በንጥረ ነገር የበለጸገ የሚለው አማካይ ፎስፎረሱ በሊትር 35 ማይክሮግራም ሲያልፍ ነውና፣ ያ አንድ ኩንታል ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ቢገባ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሜትር ኩብ ንጹሕ ውሃን እዚያ ደረጃ ያደርሳል። እርግጥ ነው፣ አብዛኛው በሰብሉና በአፈሩ ይያዛል፤ ግን በተዳፋት ማሳ አፈሩ ራሱ ተጓዥ ነው። በሩዝ እርሻ በታወቀው በፎገራ ሜዳ ደግሞ ውሃው ሲሸሽ ተከትሎ የሚዘራው የባሕር ሸሽ እርሻ፣ የከብቱ ፋንድያና የወረታን የመሰሉ ከተሞች ፍሳሽ በሐይቁ አፋፍ ይጨመራሉ። ቀድሞ ይህን ያጣሩ የነበሩት የደንገል ዳርቻዎችና እንደ ሸሸርና ወላላ ያሉት ረግረጎች ለእርሻ ሲባል እጅግ ጠበዋል።

እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ መግባቱ የታወቀው፣ ከዚያም ወደ ፎገራና ሊቦ ከምከም የዘለቀው እምቦጭ የተባለው አረም የሚመገበው ይህንኑ ንጥረ ነገር ነው። በእጅና በማሽን ማውጣቱ የጀልባውን መንገድና የዓሣ አጥማጁን መረብ ያድናል፤ የወጣው አረም ከዳር ላይ እንዲበሰብስ ከተተወ ግን የያዘው ፎስፎረስ በመጀመሪያው ዝናብ ይመለሳል። እምቦጩ ሄዶ ምግቡ ከቀረ ቦታውን የሚወርሰው ዋቅላሚ ነው።

ሌሎቹ የመቆጣጠሪያ ዘዴዎች ለጣና ስፋት አይመጥኑም። መዳብ ሰልፌት ዋቅላሚን ይገድላል፣ ግን ከደለሉ ጋር እየተጠራቀመ ዓሣንና የዓሣን ምግብ ይጎዳል። አሉም ፎስፌትን አስሮ ያዘቅጣል፣ ሆኖም የአሲድ መቋቋም አቅሙ ዝቅተኛ በሆነ ውሃ ፒኤቹን ያወርዳል፤ ነፋስ በሚያምሰው ጥልቀት የለሽ ሐይቅም ዝቃጩ አይረጋም። ሁለቱም በማጣሪያ ጣቢያና በትንሽ ኩሬ እንጂ እንደ ጣና ባለ ሐይቅ ቦታ የላቸውም። ቆሮሶ ዋቅላሚ የሚበላ ዓሣ ስለሆነ ከመጠን በላይ አለመጠመዱ ይረዳል።

የሚያዋጣው ሥራ ከላይ ነው። በጉና አናት አስታውና ጅባራው እንዲያገግም ከልቅ ግጦሽ መከልከል፣ በደብረ ታቦርና በወረታ መካከል እንደሚገኘው እንደ አለም ሳጋ ደን ያሉ የተጠበቁ ተዳፋቶችን ማብዛት፣ እርከንን ከማዳበሪያ አጠቃቀም ምክር ጋር ማያያዝ፣ በወንዞቹ አፍ ደንገልን መልሶ ማልማት፣ እነዚህ ሁሉ አፈሩንና ፎስፎረሱን አንድ ላይ ይይዛሉ። ይሁንና እርከን የሚለካው በኪሎ ሜትር፣ እምቦጭ የሚለካው በሄክታር ሆኖ ሲቀጥል፣ የሥራው ውጤት የሚታይበት ቁጥር ይጎድላል። ከባሕር ዳር ጎንደር የሚወስደው መንገድ ጉማራንም ርብንም በድልድይ ይሻገራል፤ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ቅርብ ነው። ከእነዚህ ሁለት ድልድዮች ሥር ከሰኔ እስከ ኅዳር በየሳምንቱ ውሃ ተቀድቶ ጠቅላላውና የሟሟው ፎስፎረስ ተለይቶ ቢለካ፣ ውጤቱም በየዓመቱ ለሕዝብ ቢገለጽ፣ ጣናን ለመጠበቅ ከሚወጣው ወጪ ሁሉ ዝቅተኛው ይህ በሆነ ነበር፤ ክልሉና ዩኒቨርሲቲው ሊጀምሩበት የሚገባውም ከዚህ ነው።