የነጋዴ ምስጢርና የኪስ ስልክ

ከጥንት ጀምሮ ነጋዴ ሁለት ነገሮችን ቆልፎ ያስቀምጣል፤ አንደኛው ገንዘቡ፥ ሁለተኛው መዝገቡ ነው። ገንዘብ ቢጠፋ ሠርቶ መተካት ይቻላል፤ ዕቃው ከማን እንደ ተገዛ፥ በስንት እንደ ገባ፥ ማን በዱቤ እንደ ወሰደና ማን ዕዳውን እንዳዘገየ የተጻፈበት መዝገብ በሰው እጅ ቢወድቅ ግን ጉዳቱ በቀላሉ የሚጠገን አይደለም። ስለዚህ መዝገቡ በካዝና፥ የካዝናውም ቁልፍ በባለቤቱ ኪስ ይቀመጥ ነበር። በዛሬው ጊዜ ነገሩ ተገልብጦ መዝገቡ ራሱ ከኪስ ገብቷል፤ ይኸውም ስማርት ስልክ በሚባለው መሣሪያ አማካይነት ነው።

ይህ መሣሪያ ለንግድ ያስገኘው ጥቅም እጅግ ብዙ መሆኑን የሚክድ የለም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም.፥ ኤም ፔሳም በ2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ባለሱቁ ዝርዝር ብር ሳይቸግረው ሒሳቡን ይቀበላል። አስመጪው በጓንጁ ወይም በዱባይ ያየውን ዕቃ ፎቶግራፍ አንሥቶ መርካቶ ላለው ደንበኛው በደቂቃ ውስጥ ያደርሳል፤ ላኪውም የቡናን የዓለም ገበያ ዋጋ ከመዳፉ ላይ ያነባል። ይህን ምቾት ትቶ ወደ ቀድሞው አሠራር ይመለስ ብሎ ነጋዴውን መምከር ከንቱ ነው። ሊታሰብበት የሚገባው ለምቾቱ የሚከፈለው ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ፥ ዋጋውም ከተገዛው ነገር ጋር የተመዛዘነ መሆን አለመሆኑ ነው።

በነጻ የሚሰጥ ሸቀጥ

በነጻ የሚሰጥ ሸቀጥ አለመኖሩን ነጋዴ ከማንም ይበልጥ ያውቃል። በስልክ ላይ ከሚጫኑት መተግበሪያዎች ገንዘብ የማያስከፍሉት ብዙዎች ናቸው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ገቢያቸውን የሚያገኙት ከማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ የሚያወጣውም ድርጅት ገዢው የት እንደሚውልና ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ ገንዘብ ይከፍላል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆን ጉዳይ በአሜሪካ ታይቷል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 የአገሩ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን፥ ስልክን እንደ ባትሪ መብራት የሚያበራ መተግበሪያ በሠራ አንድ ድርጅት ላይ ክስ አቀረበ። መተግበሪያው በብዙ ሚሊዮን ስልኮች ላይ የተጫነ ሲሆን፥ ተጠቃሚዎቹ በግልጽ ሳይነገራቸው የሚገኙበትን ቦታና የስልካቸውን መለያ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ያስተላልፍ ነበር። ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ድርጅቱ ያለ ባለቤቱ ግልጽ ፈቃድ እንዲህ ያለውን የቦታ መረጃ እንዳይወስድ ግዴታ ገባ። መብራት ለማብራት የሰውን መዋያ ማወቅ እንደማያስፈልግ የታወቀ ነው።

ፈቃድን በሚዛን

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት መተግበሪያው የሚጠይቀውን ፈቃድ ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር ማነጻጸር ነው። መንገድ የሚያሳየው ካርታ ቦታን ቢጠይቅ ለሥራው ነው፤ መደመሪያው የደንበኞችን ስምና ስልክ ቁጥር ቢጠይቅ ግን ከድርሻው አልፎ ጠይቋል። በአይፎንም ሆነ በፈረንጆች ከ2015 ወዲህ በመጣው የአንድሮይድ አሠራር ካሜራው፥ ማይክሮፎኑ፥ ቦታውና የስልክ ማውጫው እያንዳንዳቸው ለየብቻ ፈቃድ ይጠየቅባቸዋል። ከሞላ ጎደል በሁሉም አዳዲስ ስልኮች ላይ ፈቃዱን ለአንድ ጊዜ ብቻ ወይም መተግበሪያው በሥራ ላይ ሳለ ብቻ መስጠት ይቻላል፤ ትክክለኛውን ቦታ ትቶ አካባቢውን ብቻ ማሳወቅም እንዲሁ። ባለቤቱ ሱቁን ከዘጋ በኋላ «ሴቲንግ» ወደሚባለው ክፍል ገብቶ ቀድሞ የሰጠውን ፈቃድ ቢመረምር የማያስፈልገውን መልሶ መንጠቅ ይችላል።

ደብዳቤ መጻጻፊያውም በዚሁ ሚዛን ሊታይ ይገባዋል። በቴሌግራም የሚደረገው ተራ ውይይት በድርጅቱ ማከማቻ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ስልኩ የጠፋበት ነጋዴ በአዲስ ስልክ ሁሉንም መልሶ ያገኘዋል። ምስጢራዊ የተባለውን ውይይት ግን ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ድርጅቱ እንኳ ሊያነበው አይችልም፤ ስልኩ ከጠፋም አብሮ ይጠፋል። አንደኛው ምቾትን፥ ሁለተኛው ምስጢርን ያስቀድማል። አዲስ የገባ ጨርቅ ለማስተዋወቅ ተራው ይበቃል፤ የዋጋ ድርድርን ለመሰለ ጉዳይ ግን ሁለተኛው ይሻላል።

ፎቶግራፍ የሚናገረው

አስመጪዎች በተለይ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ስልክ ፎቶግራፍ ሲያነሣ፥ የቦታ ፈቃድ ተሰጥቶት ከሆነ፥ የተነሣበትን ሥፍራ በሥዕሉ ውስጥ ለዓይን በማይታይ ጽሑፍ ይመዘግባል። ሥዕሉ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ይህ ጽሑፍ ይወገዳል፤ ጥራቱ እንዳይቀንስ ተብሎ እንደ ፋይል ሲላክ ግን ጽሑፉ አብሮ ይሄዳል። ያን ጊዜ ነጋዴው ብዙ ደክሞ ያገኘው የፋብሪካ አድራሻ ከዕቃው ሥዕል ጋር በተወዳዳሪው እጅ ሊገባ ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከጉዞ በፊት የካሜራውን የቦታ ፈቃድ መዝጋት ነው።

የሌላው ሰው አደራ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ የነጋዴውን የራሱን ምስጢር የሚመለከት ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን የደንበኞቹ ምስጢር ነው። የስልክ ማውጫውን ለማይታወቅ መተግበሪያ የፈቀደ ባለሱቅ፥ አምነው ቁጥራቸውን የሰጡትን ደንበኞች ሳይጠይቅ አሳልፎ ሰጥቷቸዋል። የዱቤ መዝገቡን ፎቶ አንሥቶ ብዙ ሰው ወዳለበት ቡድን በስሕተት የላከም የሰውን ዕዳ በአደባባይ አውጥቷል፤ ባለዕዳው ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ሱቅ የሚመለስበት ፊት አይኖረውም። በኢትዮጵያ የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎች የግል መረጃ ለታወቀና ሕጋዊ ለሆነ ዓላማ እንዲያዝ የሚያዝ በመሆኑ፥ ነገሩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ሆኗል።

ስልኩ ራሱ ከእጅ በሚወጣበት ጊዜም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ክፍያ እንዲቀበልበት ለሱቁ ሠራተኛ የባለቤቱን ስልክ ከመስጠት ለሱቁ የተለየ ስልክና ቁጥር ማቆም ይሻላል። ለጥገና የሚሰጥ ስልክ የመክፈቻ ቁጥሩ ተጽፎ ባይሰጥ መልካም ነው፤ የግድ ከሆነም ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ያስጠግን። የሚሸጥ አሮጌ ስልክም አስፈላጊው መረጃ በሌላ ሥፍራ ከተያዘ በኋላ ሙሉ በሙሉ ይደምሰስ።

አበው «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ብለዋል፤ ከስልክ የወጣ ደግሞ ከአፋፉም ያልፋል። ምቾትን መግዛት ለነጋዴ ነውር አይደለም፤ ዋጋውን ሳይጠይቁ መግዛት ግን የነጋዴ ወግ አይደለም። በራስ ምስጢር የሚከፈለውን ዋጋ ባለቤቱ ያውቅበታል፤ በደንበኛ ምስጢር ለመክፈል ግን ሥልጣን የለውም። ያ ገንዘብ የእርሱ አይደለምና።