ካርዱ በእጁ፣ ተመራጩ በሩቅ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ሐይቅ ከተማን ያገኛል፤ ከዚያም አልፎ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌ ይደርሳል። በምርጫ ሰሞን መንገዱ ዘፈን በዘፈን ይሆናል። ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በከተማው መሃል እየጮኸ ያልፋል፤ ወጣቶች የፓርቲ ቲሸርት ለብሰው ወረቀት ይበትናሉ፤ ከበላይ የመጣው እንግዳ ጥላ ሥር ተቀምጦ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል። ንግግሩ ግን ያው ነው፤ ውሃ፣ መብራት፣ መንገድ፣ ለወጣቱ ሥራ። ሰሚው ያጨበጭባል። ቤቱ ገብቶ ቡና ሲፈላ ደግሞ ወጉ ይለወጣል፦ «ያለፈውስ እንዲሁ ብሎን አልነበር?»

ይህን ምሬት ከግድ የለሽነት መቁጠር ስህተት ነው። በ1997 ዓ.ም. የሆነውን ለሚያስታውስ ሰው «ሕዝቡ ፖለቲካ አይወድም» የሚለው ነገር ውሃ አያነሳም። የዚያን ዓመት የፓርቲዎች ክርክር በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ሲተላለፍ ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጎረቤት ይሞላ ነበር። ግንቦት 7 ቀን መራጩ ጎህ ሳይቀድ ተሰልፎ ዋለ። በይፋዊው ውጤት ከ547 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ገዢው ኢሕአዴግ 327፣ ተቃዋሚዎቹ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 አገኙ፤ የአዲስ አበባን 23 ወንበሮች ቅንጅት አንድም ሳያስተርፍ ወሰደ።

ቅያሜው የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ውጤቱ አወዛገበ፤ ጉዳዩን የመረመረው አጣሪ ኮሚሽን እንደቆጠረው 193 ሲቪል ሰዎች ተገደሉ፤ የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፤ ከተመረጡት ብዙዎቹም ምክር ቤት አንገባም አሉ። መሪዎቹ በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ተፈትተው ሲወጡ ፓርቲው እርስ በርሱ ተከፋፈለ። ብዙም ሳይቆይ ምርጫ ቦርድ «ቅንጅት» የሚለውን ስም ለአቶ አየለ ጫሚሶ ቡድን ሰጠው። የቅንጅት ምልክት የሆነውን ሁለት ጣት አውጥቶ የመረጠ ሰው ድምፁን የሰጠው ለማን እንደነበር ግራ ገባው። ተመሳሳይ ነገር በ2007 ዓ.ም. ከምርጫው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ አንድነትና መኢአድ በተባሉት ተቃዋሚዎች ላይ ደረሰ፤ የሁለቱም ፓርቲዎች አመራር በቦርዱ ውሳኔ ለሌላ ቡድን ተላለፈ።

በገዢው ፓርቲ በኩል ያለው ታሪክ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበሮች 545ቱን ያዙ። በ2007 ዓ.ም. የቀሩትን ሁለቱንም ጨምረው ሁሉንም ወሰዱ፤ «መቶ በመቶ» ተባለ። በዚያ ውጤት መሠረት በአገሪቱ ውስጥ ተቃዋሚ የመረጠ አንድም የምርጫ ክልል አልነበረም ማለት ነው። መንፈቅ ያህል እንኳ ሳይቆይ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ኦሮሚያ ውስጥ ተቃውሞ ተቀሰቀሰ፤ ክረምቱ ላይ አማራ ክልልም ተከተለ። በምርጫ ኮሮጆ ውስጥ ያልታየው ቁጣ አደባባይ ላይ ታየ።

ለወሎ ገበሬ ከቁጥሩ ይልቅ ዓይኑ ፊት የሚለዋወጠው ስም ነው የሚገርመው። በ1973 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢሕአዴግ አባል ድርጅት ኢሕዴን በ1986 ዓ.ም. ብአዴን ሆነ። ብአዴን በ2011 ዓ.ም. አዴፓ ተባለ። አዴፓ አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላው ብልጽግና ውስጥ ገባ። የምርጫ ምልክቱም ከንብ ወደ አምፖል ተለወጠ። ስብሰባ የሚጠራው፣ ማዳበሪያ የሚያከፋፍለው፣ ግብር የሚሰበስበው የወረዳ ሹም ግን ብዙ ጊዜ ትናንት በሌላ ስም የሚያውቁት ሰው ነው። ያለፈው ፓርቲ የገባው ቃል ለአዲሱ ይተላለፍ እንደሆነ የሚነግረው ሰው የለም።

የፓርቲ ቁጥር መብዛቱም ምርጫውን አላሰፋለትም። በ2011 ዓ.ም. የሥነ ምግባር ቃል ኪዳን ሰነድ የፈረሙት ፓርቲዎች 107 ነበሩ። በዚያው ዓመት ማብቂያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1162 አገር አቀፍ ፓርቲ ለማቋቋም 10 ሺህ፣ ክልላዊ ለማቋቋም 4 ሺህ መሥራች አባላት እንዲኖሩ ደነገገ፤ ብዙ ፓርቲዎችም ከበደን ብለው ተቃወሙ። የእነሱም አቤቱታ ባዶ አልነበረም፤ ቢሮ መከራየት፣ አባል ማደራጀት፣ ገጠር ወርዶ መቀስቀስ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከዚያም በላይ አባሎቻቸው ይታሰሩባቸዋል። መራጩ ግን የሚያየው ሌላውን ገጽ ነው፤ ፓርቲው ለአራት ወር የቅስቀሳ ጊዜ ብቅ ብሎ አምስት ዓመት ይሰወርበታል።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. እንደገና ተስፋ የታየበት ቀን ነበር። በአገሪቱ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ካርድ አውጥቶ ነበር። ሰልፉ ከመርዘሙ የተነሳ የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ተራዘመ። መራጩ ካርዱን አሳይቶ፣ ስሙን ከመዝገብ አስመሳክሮ፣ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ሁለት ወረቀት ይቀበላል፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልል። ወረቀቱ ላይ ማንበብ ለማይችለውም ምልክቶች ተደርድረዋል፤ የብልጽግና አምፖል፣ የአብን ሰዓት፣ የኢዜማ ሚዛን። ብልጽግና 410 ወንበር አገኘ። ከተቃዋሚዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ።

በመስከረም 2014 ዓ.ም. አዲሱ መንግሥት ሲመሠረት የኢዜማው ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር፣ የአብኑ ዶክተር በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ሆኑ። አንዳንዱ አብሮ መሥራት ሲል አደነቀ። ገዢውን ፓርቲ እንዲቆጣጠሩልኝ ብሎ ድምፁን የሰጠው ደግሞ ተቆጣጣሪዬ ወዴት ሄደ ማለቱ አልቀረም። በዚያው ሰሞን የሰሜኑ ጦርነት ወደ ደቡብ ወሎ ወረደ፤ ሐይቅና ውጫሌ የጦር ሜዳ ሆኑ፤ ደሴ በጥቅምት ተይዛ በኅዳር መጨረሻ ተመለሰች። ካርድ በወሰደ በመንፈቁ ስንቅ ቋጥሮ የተሰደደ መራጭ ስለ ፓርቲ ፕሮግራም ሊያስብ አይችልም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት አባሉ ክርስቲያን ታደለና የክልሉ ምክር ቤት አባል ዮሐንስ ቧያለው ታሰሩ። አንዱ የአብን፣ ሌላው የብልጽግና ሰው ነበሩ።

ቅሬታው የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የብሪታኒያ መራጭ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ወደ ምርጫ ጣቢያ ሲሄድ ሁለቱን ትልልቅ ፓርቲዎች በአንድነት የጠላ ብዙ ነበር፤ ድምፅ የሰጠውም ከመራጩ 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ሌበር ፓርቲ ከተሰጠው ድምፅ 34 በመቶ ያህል አግኝቶ ከ650 ወንበሮች 411 ወሰደ። ሪፎርም የተባለው ፓርቲ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው መርጦት 5 ወንበር ብቻ ደረሰው። ምክንያቱ በእያንዳንዱ የምርጫ ክልል አንደኛ የወጣው ብቻ የሚያሸንፍበት ሥርዓት ነው፤ የኢትዮጵያም ሥርዓት ይኸው ነው። በሁለተኛነት የወጣ ዕጩ የተሰጠው ድምፅ በግማሽ ቢያንስም በአንድ ድምፅ ቢያንስም ዋጋው እኩል ነው፤ ወንበር አያስገኝም።

ብሪታኒያ ግን አንድ በር ከፍታለች። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ሕጓ በወንጀል እስራት የተፈረደበትን ወይም ከምክር ቤት የታገደን ተመራጭ፣ ከክልሉ መራጮች 10 በመቶው ከፈረሙ፣ ወንበሩን ያሳጣዋል፤ በ2011 ዓ.ም. የፒተርቦሮ ከተማ ሰዎች ይህንን አድርገው አሳይተዋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም ከዚህ ሰፋ ያለ ቃል አለው። አንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ሊያነሳው እንደሚችል ይናገራል፤ አንቀጽ 54 ይህንኑ ለተወካዮች ምክር ቤት አባላት ይደግመዋል። አንድ የአምባሰል ገበሬ ይህን መብቱን ልጠቀም ቢል ግን ተወካዩን የት እንደሚያገኘው እንኳ የሚጠቁመው የለም። በተግባር ዕጩውን የሚያቀርበው ፓርቲው፣ የሚያነሳውም ፓርቲው ነው፤ ስለዚህ ተመራጩ የሚፈራው የድርጅቱን ግምገማ እንጂ የመራጩን ቅያሜ አይደለም።

የሚያሳዝነው ወሎዬ መሪውን በመጠየቅ ልምድ የሌለው ሰው አለመሆኑ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ የሚቀባበርበትና የሚረዳዳበት ቅሬ አለው። በቅሬ መዋጮው ይታወቃል፤ ለቀብር ያልመጣ ይቀጣል፤ ገንዘብ የያዘ ሰው በስብሰባ ፊት ሒሳቡን ያወራርዳል፤ መሪው ካጠፋ አባላቱ ሌላ ይመርጣሉ። መሪው ጎረቤታቸው ነውና ሸሽቶ የሚሰወርበት ቦታ የለውም። ፓርቲዎች ሕዝቡን ስለ ዴሞክራሲ «ግንዛቤ ለማስጨበጥ» ሲመጡ ከቅሬው ስብሰባ ጥግ ተቀምጠው ቢያዳምጡ አይጎዱም ነበር።

ለዚህ ዓይነቱ ተጠያቂነት የሚቀርበው የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ነው። የምንጭ ውሃ መበላሸቱን፣ የመሬት ክርክርን፣ የጤና ጣቢያን መድኃኒት የሚያየው እሱ ነው፤ አባሉም ገበያ ላይ የሚገኝ ሰው ነው። በአጠቃላዩ ምርጫ ማግስት የሚነሳው ምሬት የሚቀለው እዚህ ምርጫ ሲኖር ነው፤ የላይኛው ቢርቅ የታችኛው ይጠየቃልና። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው የአካባቢ ምርጫ ግን ተራዘመ፤ የ2013ቱም አጠቃላይ ምርጫ የወረዳና የቀበሌ ወንበሮችን አላካተተም። ሐይቅ ያለችበት የተሁለደሬ ወረዳና የአምባሰል መራጭ ለወረዳውና ለቀበሌው ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ ድምፅ የሰጠው ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። ፓርቲዎች በሚቀጥለው ቅስቀሳ ወደ ሐይቅና ወደ ውጫሌ ሲመጡ ሕዝቡ በቅድሚያ ሊጠይቃቸው የሚገባው ይህ ምርጫ መቼ እንደሚደረግ ነው፤ ቀኑን የማይናገር ዕጩም ስለ ውሃና ስለ መብራት የሚሰጠው ተስፋ ሊታመን አይገባም።