ከእግራችን በታች ምን አለ?



በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ የተነሳው ርዕደ መሬት እዚህ ኮልፌ ቀራኒዮ ድረስ መሰማቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። በተለይ የካቲት 7 ቀን ምሽት መጠኑ 6 የሆነው መንቀጥቀጥ ሲደርስ ብዙ ቤተሰብ ደንግጧል። ከዚያም ሁለት ዓይነት ወሬ ተናፈሰ። አንዱ «ከተማችን በእሳት ባሕር ላይ ተቀምጣለች» የሚል ሲሆን፣ ሌላው «ይህ የመጣው በእነ እገሌ ኃጢአት ነው» የሚል ነበር። ልጆቻችን ይህንን ሰምተው ሲጠይቁን ምን እንመልስላቸው?

ከቆምንበት እስከ ምድር መሐል ያለው ርቀት 6,371 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሰው ልጅ በቁፋሮ የደረሰበት ትልቁ ጥልቀት ግን፣ በሩሲያ ኮላ በተባለው ስፍራ፣ ከ12 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። ታዲያ ያላየነውን እንዴት አወቅነው? እናቶቻችን ጋኑ ሙሉ ይሁን ባዶ ሳይከፍቱት መታ መታ አድርገው ከድምፁ ይለዩታል። የሳይንስ ሰዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ርዕደ መሬት ሲነሳ ሞገዱ የምድርን ሆድ አቋርጦ በሌላው ዓለም መሣሪያ ላይ ይመዘገባል። ከሞገዶቹ አንዱ ዓይነት በፈሳሽ ውስጥ አያልፍም፤ የት እንደቀረ በማየት ፈሳሹ የት እንዳለ ታወቀ። ዴንማርካዊቷ ኢንጌ ሌማንም በዚሁ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1936 ከፈሳሹ ውስጥ ሌላ ጠጣር እምብርት መኖሩን ገለጸች።

እንግዲህ ምድር እንዲህ ናት፦ ላይኛው ቅርፊት በደጋው አገራችን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውፍረት ሲኖረው በአፋር እጅግ ይሳሳል። ከሥሩ እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር ድረስ የጋለ አለት አለ። ይህ አለት ጠጣር ነው፤ ሆኖም በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ የእሳት ባሕር የሚባለው ስሕተት ነው። ቀልጦ የሚፈሰው የውጭው እምብርት ሲሆን፣ ከእርሱ ውስጥ ያለው የብረት እምብርት ከ5,000 ዲግሪ በላይ ቢግልም በከባድ ግፊት ምክንያት ጠጣር ሆኖ ይኖራል። ሱብሐነላህ!

ታዲያ አገራችን ለምን ትንቀጠቀጣለች? የስምጥ ሸለቆው ቅርፊት እየተለጠጠ ስለሚሳሳ በየቦታው የቀለጠ አለት ሾልኮ ይገባበታል። በ1998 ዓ.ም. መስከረም በአፋር ዳባሁ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ ሲፈጠር መሬቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል። የፈንታሌውም መንስኤ ይኸው የቀለጠ አለት ግፊት ነው። አዲስ አበባ የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ናትና ንዝረቱ ይደርሳታል። ከኮልፌ ወደ ምዕራብ ስናይ የሚታየን የወጨጫ ተራራም የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈራረሰው የካራ ቆሬ ርዕደ መሬት ግን የእኛ ሰፈር ካራ ቆሬ አይደለም፤ በደሴ መንገድ ላይ ያለችው ከተማ ናት።

ስለ ሁለተኛው ወሬስ? የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም በሞተ ዕለት ፀሐይ ስትጋረድ ሰዎች ከሞቱ ጋር አያያዙት። እርሳቸው ግን በልጃቸው ሐዘን ውስጥ ሆነው እንኳ ይህን አስተባበሉ፤ የአላህ ተዓምር መሆኑን አስረድተው ወደ ሶላትና ዱዓ መሩ። እኛም ምድር ስትናወጥ ሱረቱ ዘልዘላን አስታውሰን ራሳችንን እንመርምር እንጂ በጎረቤታችን ላይ አንፍረድ።

ደግሞም ተወኩል ግመልን ከማሰር ጋር ነው። ከባድ ቁም ሣጥን ከአልጋ ራስጌ እናርቅ፤ ሲንቀጠቀጥ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብተን እግሩን እንያዝ፤ ከመስኮት እንራቅ፤ ከፎቅ አንዝለል፤ በአሳንሰር አንውረድ። ቤት የምንሠራና የምናሠራም ከብረቱና ከሲሚንቶው አንቀንስ። ሰውን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሰው ግድግዳ ነውና፣ በዚያ ላይ ማጭበርበር አማናን ማጉደል ነው።

ልጆቻችን ሲጠይቁን እንግዲህ በፍርሃት ሳይሆን በዕውቀት እንመልስላቸው። አላህ አገራችንን ይጠብቅልን፤ አሚን።