የሐረር ሠርግ ሞንታርቦ፦ ኪራዩ ይጮኻል፣ ትርፉ አይሰማም

ሐረር ውስጥ የድምፅ መሣሪያ የሚያከራይ ሰው ሠርግ ሲመጣለት ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት የእንግዳውን ብዛት አይደለም። "መኪና ይገባል ወይስ አይገባም?" የሚለውን ነው። ድግሱ ከግንቡ ውጭ ባለው ከተማ፣ በአዳራሽ ወይም በሰፊ ግቢ ላይ በተተከለ ድንኳን ከሆነ ጭነቱ ደጃፍ ድረስ ሄዶ ይራገፋል። ጀጎል ውስጥ ከሆነ ግን መኪናው በሐረር በር ገብቶ ፈረስ መጋላ ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለው በትከሻ ነው።

ጀጎል በ48 ሄክታር ላይ የተጨናነቀ ከተማ ነው። ጠባብ መንገዶቹ 368 ናቸው ይባላል፤ ሲሠሩ የታሰበላቸው እግረኛና የተጫነ አህያ እንጂ ትልቅ ሞንታርቦ አልነበረም። አንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ሳጥኑን በጎኑ አጋድሞ፣ ግድግዳ ሳይልጡ ማሳለፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ግድግዳውም እንደዋዛ የሚላጥ አይደለም፤ ጀጎል ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ተሸካሚ ደግሞ ሲገባ አንድ ዋጋ፣ ድግሱ አልቆ ሌሊት ሲወጣ ሌላ ዋጋ ይጠራል። በዚያ ሰዓት ማን ይከራከረዋል? ይህን ወጪ አስቀድሞ ኪራዩ ላይ ያልደመረ ዲጄ፣ ጠዋት ሒሳብ ሲሠራ ከትርፉ ተቀንሶ ያገኘዋል።

"ሞንታርቦ" ራሱ የአንድ የጣሊያን ፋብሪካ ስም ነው። በኢትዮጵያ ገበያ ግን ማንም ይሥራው ማን፣ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ሁሉ ሞንታርቦ ሆኖ ቀርቷል። ቻይና ተሠርቶ፣ በጅቡቲ ገብቶ፣ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሲሸጥም ስሙ ያው ነው። ሠርግ በባንድ ይደምቅ በነበረበት ዘመን ሞንታርቦው የባንዱ ንብረት ነበር። ቀጥሎ አንድ ሰው በኦርጋን የባንዱን ሥራ ጠቀለለው። ካሴትና ሲዲም ተራቸውን አሳልፈው ዛሬ አንድ ላፕቶፕና አንድ ፍላሽ ይበቃል። ዘፈን የመያዝ ወጪ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ወረቱ ሁሉ ወደ ሳጥኑ፣ ወደ ሽቦውና ወደ ጀነሬተሩ ዞረ። ወደዚህ ንግድ ለመግባት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ዲጄነት የሙዚቃ ሥራ ይመስለዋል። ከሙዚቃው ይልቅ ጭነትና ኤሌክትሪክ ይበዛበታል።

ሁለት ሠርግ፣ ሁለት ዓይነት ዕቃ

የሐረር ገበያ አንድ ወጥ አይደለም። በሐረሪ ቤት ሠርግ ዋናው ዜማ የሰው ጉሮሮና ከበሮ ነው። ከረቡ የሚሉት ከበሮ ይመታል፣ ከበል የሚሏቸው እንጨቶች ይጋጫሉ፣ አዝማቹን እየተቀባበሉ ይቀጥላሉ። እዚህ ቤት ዲጄ ከተጠራ ዘፈን ከመክፈት ይልቅ የሚፈለግበት ጥሩ ማይክ ነው። ድምፅ ከማይክ ወደ ሞንታርቦ፣ ከሞንታርቦ ተመልሶ ወደ ማይክ ሲገባ የሚወጣውን ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ሠርግ የበላ ሁሉ ያውቀዋል። በጌይ ጋር፣ ሰው ከፍ ዝቅ ባለው ነደባ ላይ ተጣቦ በተቀመጠበት ቤት፣ ማይኩና ሳጥኑ በጥቂት ክንድ ርቀት ላይ ናቸው። ስለዚህ ለጀጎል የሚያዋጣው ሁለት ትንንሽ ሳጥን፣ መጠነኛ ሚክሰርና ከፊት ለፊት ያለውን ድምፅ ብቻ የሚይዙ ማይኮች ናቸው። ትልቁን ዕቃ ተሸክሞ የገባ፣ የጉልበቱን ሩብ ሳያሠራው ተሸክሞ ይወጣል።

የሶላት ሰዓትም አለ። ዩኔስኮ በጀጎል ውስጥ 82 መስጊዶችንና 102 የአውሊያ ሥፍራዎችን መዝግቧል። አዛን ከአንዱ ሲጀመር ከሌላው ይቀጥላል። ዲጄው የሶላት ሰዓቶቹን ከዘፈን ዝርዝሩ እኩል ማወቅ አለበት፤ እጁን ከድምፅ መቀነሻው ላይ አዘግይቶ ያነሳ አንድ ምሽት የሚያተርፈው ስም ዓመት ሙሉ ይከተለዋል።

ከግንቡ ውጭ ባለው ትልቅ አዳራሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በአንድ ምሽት አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሐረሪኛና ሶማሊኛ ዘፈን ሊጠየቅ ይችላል። በ2015 ዓ.ም ያረፈው ዓሊ ቢራ በእነዚህ ቋንቋዎች ሁሉ የዘፈነበት የምሥራቅ ገበያ ስለሆነ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ይልቅ አስቸጋሪው ርቀቱ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከመድረኩ 34 ሜትር ርቆ የተቀመጠ እንግዳ ዘፈኑ የሚደርሰው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ዘግይቶ ነው። "ከኋላ አይሰማም" ተብሎ ሁለት ሳጥን ኋላ ቢቆም፣ የቅርቡ ድምፅ ቀድሞ የሩቁ ተከትሎ ይደርስና የሽማግሌዎቹ ምርቃት እንደ ገደል ማሚቶ ይደራረባል። የኋላውን ድምፅ በዚያችው ልክ ማዘግየት የሚችል ሚክሰር ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ዲጄ የፊቱን ድምፅ ይጨምራል፤ ያኔ ከፊት የተቀመጡት የሙሽሪት አጎቶች ጆሯቸውን ይዘው ይነሳሉ። ሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ስለሚቀንስ ሳጥኑን ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርጎ መስቀል ጩኸት ከመጨመር ይሻላል። መቆሚያ ደግሞ ከዕቃው ሁሉ ርካሹ ነው።

ዋት አይታመንም

ገዢ ታይዋን ወይም መርካቶ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋት ነው። ሻጩም ይህን ያውቃል። ሳጥኑ ጀርባ ላይ የተለጠፈው 2,000 ዋት ብዙ ጊዜ ለቅጽበት የሚደረስበት ጫፍ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ የሚሸከመው አይደለም። ያለማቋረጥ የሚችለው የዚያ ሩብ ሊሆን ይችላል። የአምፕሊፋየር ጉልበት በእጥፍ ቢያድግ የሚጨመረው ድምፅ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ እጥፍ ሆኖ አይሰማውም። በአንድ ዋት 94 ዴሲቤል የሚሰጥን ሳጥን 97 በሚሰጥ መቀየር አምፕሊፋየሩን በእጥፍ ከማሳደግ ጋር እኩል ነው። ደላላ ይህን ቁጥር አያነሳም፤ ዋቱን ነው የሚጠራው።

የዋጋው ነገር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ወዲህ ተለውጧል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተለቀቀበት ዋዜማ ዶላር ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ ነበር። ነሐሴ 1 ቀን ብሔራዊ ባንክ ባወጣው ጨረታ አማካዩ 107.9 ብር ሆነ። 2,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታሰብ ከ114,000 ብር ወደ 215,800 ብር ተሻገረ ማለት ነው። አሮጌ ዕቃ በእጁ የነበረው አከራይ ተኝቶ ሲነሳ ሀብታም የሆነ ሊመስለው ይችላል። ሒሳቡ ግን ወዲህ ነው። ዕቃው 120 ሠርግ ሠርቶ ያረጃል ቢባል፣ በድሮው ዋጋ ከእያንዳንዱ ሠርግ ለመተኪያ 950 ብር ማስቀመጥ ይበቃ ነበር፤ በዚያ ነሐሴ ዋጋ ግን 1,800 ብር ገደማ የሚጠይቅ ሆነ። በድሮው ሒሳብ ኪራይ የሚቀበል ሰው እያተረፈ ሳይሆን ሞንታርቦውን እየበላ ነው። ይህን የሚያውቀው ደግሞ የመጀመሪያው ሳጥን ሲቃጠል ነው።

ያለ ደረሰኝ የሚገባው የኮንትሮባንድ ዕቃ በዋጋ ይቀንሳል። በኬላ የመወረስ አደጋው የታወቀ ነው፤ የማይታወሰው ሌላው ኪሳራ ነው። በ2011 ዓ.ም የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 ቤትና መሬት የሌለው ነጋዴ ዕቃውን አስይዞ እንዲበደር መንገድ ከፍቷል። የማን መሆኑ በወረቀት የማይታወቅ ሚክሰር ግን ለዚህ አይሆንም። ርካሹ ዕቃ ብድር ሲፈለግ ውድ ይሆናል።

ኑል ሲለቅ

የዚህ ንግድ ትልቁ ጠላት ሌባ አይደለም፣ ኑል ነው። ትልቅ ግቢ የሚገባው ባለ ሦስት ፌዝ መስመር በፌዝና በፌዝ መካከል 380፣ በፌዝና በኑል መካከል 220 ቮልት ይሰጣል። ለድግስ ተብሎ በችኮላ የተቀጠለው ኑል ከላላ ወይም ከለቀቀ፣ 220 ይጠብቅ የነበረው ዕቃ ወደ 380 የሚጠጋ ሊመጣበት ይችላል። አምፕሊፋየር፣ ሚክሰርና ላፕቶፕ አንድ ዘፈን ሳያልቅ አብረው ይሄዳሉ። ጓዳ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የዲኮር መብራቱና የዲጄው መስመር አንድ ላይ በተንጠለጠሉበት ድንኳን ይህ የሩቅ አደጋ አይደለም። ቴስተር ይዞ ቮልቱን ለክቶ መሰካት፣ ቮልት ሲያልፍ የሚቆርጥ መከላከያ መሐል ማስገባት፣ ከተቻለም በራስ ጀነሬተር መሥራት ነው መፍትሔው። ጀነሬተር ሲገዛም 10 ኬቪኤ የተባለው የሚሰጠው 8 ኪሎ ዋት ገደማ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ዕቃው ከተቃጠለ በኋላ ማን ይከፍላል? አዳራሹ ወደ ዲጄው፣ ዲጄው ወደ ድንኳን አከራዩ፣ ድንኳን አከራዩ መስመሩን ወደቀጠለው ልጅ ጣቱን ይቀስራል። ውሉ በቃል ከሆነ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። መብራቱን የሚያቀርበው ማን እንደሆነና በመብራቱ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂው ማን እንደሆነ የሚናገር ሁለት መስመር ወረቀት ከቀብዱ ደረሰኝ ጋር ቢፈረም የብዙ ሰው ወረት ይተርፍ ነበር። አፎቻ በሚረዳዳበት የጀጎል ሠርግ ቢያንስ ማንን መጠየቅ እንደሚቻል ይታወቃል። አዳራሽ ውስጥ ግን የሙሽራው ወገን ለዲጄው፣ ዲጄውም ለእነሱ እንግዳ ነው።

ሁለቱ ጾሞች ሲገጥሙ

ሐረር ላይ የሚሠራ ዲጄ ሁለት ደንበኛ ስላለው አንዱ ሲጾም ከሌላው ይሠራል ተብሎ ይታሰባል። በ2017 ዓ.ም ግን ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ገቡ። ከዚያ እስከ ዒድ አልፈጥር፣ መጋቢት 21 ድረስ የሁለቱም ወገን ሠርግ ተዘጋ፤ የክርስቲያኑ ደግሞ ሚያዝያ 12 ቀን ፋሲካ እስኪሆን ጠበቀ። የመጋዘን ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ አይጾሙም። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ በ2020 ዓ.ም ጥር አጋማሽ አልፎ ይገባል። ያኔ ሁለቱ ጾሞች በአብዛኛው ይለያያሉ፤ ለሐረር አከራይ መልካም ዜና ነው። ዕቃ በብድር የሚገዛ ሰው የመክፈያ ጊዜውን ከባንኩ ጋር ሲነጋገር ሁለቱንም የጾም አቆጣጠር ጠረጴዛው ላይ ቢዘረጋ አያፍርም።

አዳራሾች የራሳቸውን ዕቃ መግዛት የጀመሩ እንደሆነስ? ለተንቀሳቃሹ ዲጄ ከዚህ የባሰ ፉክክር የለም። አንዱ መውጫ የራሱን ዕቃ አዳራሹ ውስጥ አስቀምጦ በፐርሰንት መሥራት ነው። ሲሰሙት ያምራል። ነገር ግን ባለቤቱ በሌለበት ማንም እየተነሳ ድምፁን እስከ ጥግ የሚከፍተው ሞንታርቦ ከሁለት የሠርግ ወቅት በላይ ይዘልቃል ማለት ዘበት ነው። ፐርሰንት የሚቀበል ሰው የራሱን ኦፕሬተር ጭምር ካላስቀመጠ ቢቀርበት ይሻለዋል።

ሕግም አለ፣ ብዙዎች ባያነሱት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በ2007 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 872 ከተሻሻለ ወዲህ፣ ዘፈንን ለንግድ የሚጠቀም ሁሉ ለባለመብቱ ሮያሊቲ የሚከፍልበትን ሥርዓት አስቀምጧል። ፍላሽ ሙሉ ዘፈን ይዞ የሚዞር ነጋዴ ይህ ወጪ አንድ ቀን በሩን እንደሚያንኳኳ ቢያስብ መልካም ነው። የአገሪቱ የድምፅ ብክለት መመዘኛም ለመኖሪያ ሰፈር በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ቤት ከቤት ግድግዳ በሚጋራበት ጀጎል ደግሞ ከመመዘኛው በፊት ጎረቤት ይደርሳል።

ጎህ ሲቀድ ገመድ ይጠቀለላል፣ ማይክ ይቆጠራል። ገመድ ሲጠቀለል የተጠማዘዘው በሚቀጥለው ሠርግ ይበጠሳልና ይህ ለእንቅልፋም ረዳት አይተውም። ቀሪው ሒሳብ ግን ያን ጊዜ አይጠየቅም። ሙሽሮቹ ሄደዋል፣ ሚዜዎቹ ደክመዋል፣ አባት ከእንግዶቻቸው ጋር ናቸው፤ "ነገ ና" ከማለት ሌላ መልስ የሚሰጥ ሰው አይገኝም። ነገሩን የሚያውቅ ዲጄ ቀሪውን ክፍያ የሚቀበለው ኬክ ከመቆረሱ በፊት፣ ማይኩ ገና በእጁ እያለ ነው።